«ላግዝህ» ከማለት እስከ «ዞል ኢሽ ዲር ሄልፈን»፦ የኢትዮጵያና የጀርመን የቋንቋ ግንኙነት ታሪክ በአንዲት አጭር ዐረፍተ ነገር ሲታይ

(በጥሊሊ ከተማ የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



ባደግሁበት ከተማ ቆሜ እንድናገር ስለ ተጋበዝሁ ምስጋናዬ ከልብ ነው። አብዛኞቻችሁ ከዛሬው ርእስ ይልቅ ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት እንድናገር እንደምትጠብቁ ዐውቃለሁ። እኔ ግን የማነሣው ከሦስት ወይም ከአራት ቃላት የማትበልጥ ዐረፍተ ነገርን ነው። ጀርመኖች በቤት ደረጃ፣ በመንገድና በወጥ ቤት አንዱ ሌላውን ለማገዝ ሲነሣ የሚናገሯትን ዐረፍተ ነገር ማለቴ ነው። ይህችን የመሰለች ጥቂት ንግግር የታሪክ ርእስ ልትሆን ትችላለች ወይ? ትችላለች ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴንም ደረጃ በደረጃ አቀርባለሁ። ዘመናትን የምጠቅሰው፣ ካልገለጽሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አስቀድሜ ግን ወደዚህ ጥያቄ ያመጣኝን አንድ የራሴን ገጠመኝ ልናገር። ለትምህርት ጀርመን አገር በሄድሁበት የመጀመሪያው ክረምት በአንድ የድሮ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ሕንፃው አሳንሰር አልነበረውም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት አረጋዊት ጎረቤቴ ሁለት ከባድ የገበያ ቦርሳዎች ይዘው ደረጃውን ሲወጡ አገኘኋቸው። በክፍል ውስጥ በተማርሁት መሠረት፣ ቃላቱን በልቤ ደጋግሜ ካዘጋጀሁ በኋላ፣ «ብራውኸን ዚ ሂልፈ?» አልኋቸው፤ «እርዳታ ይፈልጋሉ?» ማለት ነው። ሰዋስዉ አንዳች ስሕተት የለበትም። ሴትዮዋ ቆም ብለው አዩኝና «ናይን፣ ዳንከ» ብለው፣ በየእርከኑ እያረፉ መውጣታቸውን ቀጠሉ። እኔም ባዶ እጄን ከኋላቸው ወጣሁ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ በዚያው ደረጃ ላይ አንድ የሦስተኛ ፎቅ ወጣት ሴትዮዋን ሲያገኛቸው ተመለከትሁ። ወጣቱ ምንም አልጠየቀም። «ኮመን ዚ፣ ኢሽ ኔም ዳስ» አለና እጁን ዘረጋ፤ «ይምጡ፣ ይህንን እኔ እይዘዋለሁ» እንደ ማለት ነው። ሴትዮዋ ሣቅ ብለው ቦርሳውን ሰጡት። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «እንግዳ በመሆኔ ነው፤ መልኬን አይተው ነው» የሚል ነበር። ይህ ምክንያት ጨርሶ አልነበረበትም ብዬ ዛሬም አልምልም። ሆኖም ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው አንድ ሌላ ነገር ተገለጠልኝ። እኔ የጠየቅኋቸው ስለ እርሳቸው ጉድለት ነው፤ ወጣቱ የተናገረው ስለ ራሱ እጅ ነው።

ይህንን ለመረዳት ጀርመን አገር ድረስ መሄድ አልነበረብኝም። ከዚህ አዳራሽ ውጭ፣ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ በገበያ ቀን ሸክም የከበዳቸውን አዛውንት ያየ የጥሊሊ ልጅ «አባባ፣ እርዳታ ይፈልጋሉ?» አይልም። «አባባ፣ ያምጡት እኔ ልያዝልዎ» ይላል፤ ወይም ዝም ብሎ ሸክሙን ይቀበላል። ይህንን ከልጅነቴ ጀምሮ በቤት በአገውኛ፣ በትምህርት ቤት በአማርኛ ስሰማና ስናገር ኖሬያለሁ። በጀርመንኛ ግን የቤቴን ዕውቀት ትቼ የመማሪያ መጽሐፉን ዐረፍተ ነገር ይዤ ወጣሁ። ለምን? የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ነው።

ታሪኩን ከሥሩ እንጀምር። በሁለቱ ሕዝቦች መካከል ያለው የቋንቋ ትውውቅ ሲነገር መጀመሪያ የሚነሡት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ከአምሐራ ምድር ከመካነ ሥላሴ የተነሡት አባ ጎርጎርዮስ፣ ሁለተኛው የኤርፉርት ተወላጅ የሆነው ሂዮብ ሉዶልፍ። የተገናኙት በ1649 በሮም፣ የኢትዮጵያ መነኮሳት ይኖሩበት በነበረው በቅዱስ እስጢፋኖስ ቤት ነው። ሉዶልፍ ግእዝን ያለ መምህር ከመጻሕፍት ተምሮ ነበርና ለመነኮሳቱ ሊያነብላቸው ሞከረ። እርሱ ራሱ እንደ ጻፈው፣ አነጋገሩን ሲሰሙ ሣቃቸውን መቈጣጠር አቃታቸው፤ ያነበበውን መተርጐም ሲጀምር ግን ሣቁ ወደ አድናቆት ተለወጠ። ቋንቋን ከመጽሐፍ ብቻ የተማረ ሰው ሁሉ የሚደርስበት ነገር ነው፤ ቃሉን ያውቀዋል፣ የሚነገርበትን ድምፅና ቦታ ግን አያውቀውም። እኔ በዚያ ደረጃ ላይ የሆንሁት ሉዶልፍ በሮም የሆነውን ነው፤ የሚስቅብኝ እንኳ አላገኘሁም እንጂ።

አባ ጎርጎርዮስ በ1652 የጎታው መስፍን ኤርንስት በጋበዟቸው ጊዜ ወደ ጀርመን ምድር ተጓዙ፤ በፍሪደንሽታይን ቤተ መንግሥትም ለወራት ከሉዶልፍ ጋር ሠሩ። ስለ አገራቸው ሕዝብ፣ ሕግና ሃይማኖት የቀረበላቸውን ጥያቄ መለሱ፤ አማርኛን አስተማሩ። ከተለያዩም በኋላ በግእዝ ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። ሉዶልፍ በ1681 ያሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ፣ በ1698 ያወጣቸው የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላትም ያለ እኒህ መነኵሴ የሚታሰቡ አይደሉም። ሉዶልፍ ውለታውን አልካደም፤ በ1691 ባሳተመው ሐተታ ውስጥ የአባ ጎርጎርዮስን ሥዕል አስገብቷል። እርሳቸው ግን ከሥራው ፍሬ አብዛኛውን አላዩም። በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ በእስክንድሩን አቅራቢያ መርከባቸው ተሰብሮ ሕይወታቸው በባሕር አለፈ።

እዚህ ላይ ተማሪዎቼ አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እፈልጋለሁ። በዚህ የመጀመሪያ ምዕራፍ አጋዡ ማን ነበር? ታጋዡስ? ያገዙት አባ ጎርጎርዮስ ናቸው፤ የታገዘው ጀርመናዊው ሊቅ ነው።

ሁለተኛው ምዕራፍ ወደ እኛ ቀዬ ይጠጋል። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ከሰፈሩት የእጅ ጥበብ ባለሙያዎች ብዙዎቹ በባዝል አቅራቢያ ከሚገኘው ከቅዱስ ክሪሾና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ነበሩ። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ስዊሳዊው ቴዎፊል ቫልድማየር በ1868፣ ማለትም መቅደላ በወደቀችበት ዓመት፣ የአገው ቋንቋ የቃላት ስብስብ በጀርመንኛ አሳተመ። መጽሐፉ ቀጭን ነው። ሆኖም እንዲህ ያለ ስብስብ የሚወለደው አንድ ሰው ተቀምጦ «ይህ ምን ይባላል? ያኛውስ?» ሲል፣ ሌላው ሥራውን ትቶ ሲመልስለት ነው። የጠያቂው ስም በሽፋኑ ላይ ይታተማል፤ የመላሾቹ ስም ግን ብዙ ጊዜ ከታሪክ ይሰወራል።

ሦስተኛው ምዕራፍ በርሊን ነው። ዐፄ ምኒልክና የጀርመን መንግሥት በ1905 የወዳጅነትና የንግድ ውል ከተዋዋሉ በኋላ የይፋጉ ተወላጅ አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ወደ በርሊን ሄደው፣ በ1887 በተቋቋመው የምሥራቅ ቋንቋዎች ሴሚናር እስከ 1908 ድረስ አማርኛ አስተማሩ። ሴሚናሩ የሚያሠለጥነው አስተርጓሚዎችን፣ ሹማምንትንና ነጋዴዎችን ስለ ነበር የዕለት ተዕለት ንግግር ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። ኦይገን ሚትቮኽም በ1907 ከአማርኛ የሕዝብ ቃል የተውጣጡ ናሙናዎችን አሳትሟል። አሁንም አስተማሪው፣ አጋዡ፣ ኢትዮጵያዊው ነው።

እንግዲህ ከ1652 እስከ 1908 ባለው ዘመን፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በሚያህል ጊዜ ውስጥ፣ በሁለቱ ቋንቋዎች ድንበር ላይ እጁን የዘረጋው በአብዛኛው የእኛ ሰው ነበር። ታዲያ ይህ ሥዕል መቼና እንዴት ተገለበጠ?

ከሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ በኋላ የግንኙነቱ መልክ ተለወጠ። በ1962 የጎተ ተቋም በአዲስ አበባ ተከፈተ፤ በ1965 የዶቼ ቬለ ሬዲዮ የአማርኛ ስርጭቱን ጀመረ። በገጠር ለኖርነው ብዙዎቻችን በጀርመንኛ የሰማነው የመጀመሪያው ቃል የዚያ ጣቢያ ስም እንደ ነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ከአብዮቱ በኋላ ደግሞ ብዙ ወጣቶቻችን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልከው ተማሩ፤ ብዙዎቹ ጀርመንኛን የተማሩት በላይፕሲክ በሚገኘው የሄርደር ተቋም ነው። የላይፕሲክ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም በ1970ዎቹ መጨረሻ ወደ ጎንደር የሕክምና ኮሌጅ መጥተው ማስተማር ጀመሩ። ይህ ሁሉ መልካም ነገር ነው፤ ውለታውን መርሳት አይገባም። በ1981 ተዋናዩ ካርልሃይንስ በም ያቋቋመው «ሰዎች ለሰዎች» የተባለው ድርጅትም በኤረር ሸለቆ ጀምሮ በአማራ ክልል በመርሐ ቤቴና በሌሎችም ወረዳዎች የሠራው ሥራ የሚታወቅ ነው።

ነገር ግን በዚያው ዘመን ድርቅና ረኀብ፣ በተለይም በአገራችን አቆጣጠር የ1977 ዓ.ም. መከራ፣ በሁለቱም ቋንቋዎች ውስጥ አንድ ቃል ለወጠ። በአማርኛ «እርዳታ» የሚለው ስም ከስንዴ፣ ከዱቄትና ከዘይት ጋር ተጣበቀ፤ «የእርዳታ ስንዴ»፣ «የእርዳታ ዱቄት» አልን። በጀርመንኛም «ሂልፈ» የሚለው ስም የኢትዮጵያን ስም ተከትሎ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ይመላለስ ጀመር። ቃሉ ከጎረቤት እጅ ወጥቶ ወደ መጋዘን ገባ። «ሂልፈ ጹር ዜልብስትሂልፈ»፣ ራስን ለመርዳት የሚሰጥ እርዳታ፣ የሚለው የልማት ሥራ መፈክር በቅን ልቡና የተነገረ ቢሆንም፣ እዚያም ውስጥ ሰጪና ተቀባይ ማን እንደሆኑ አስቀድሞ የታወቀ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችን አንድ ጥበብ እንደ ጠበቀልን ልብ በሉ። ለመጋዘኑ «እርዳታ» ስንል፣ ለጎረቤት ግን «ማገዝ»ን አስቀርተናል። ወንፈል የገባን ገበሬ «እርዳታ ሰጠ» አንለውም። ደቦ የወጣ ሰውም፣ ጅጌ የጠራም እንዲሁ። ወንፈል ውስጥ የዛሬው አጋዥ የነገ ታጋዥ ነው፤ ስለዚህ ማንም በማንም ፊት አያንስም። «ላግዝህ» የሚለው ቃል ይህንን እኩልነት ተሸክሟል። እኔ በዚያ ደረጃ ላይ «ሂልፈ» የሚለውን ስም ስጠራ፣ ሳላውቀው ከጎረቤትነት ቋንቋ ወደ መጋዘን ቋንቋ ተሻግሬ ነበር።

አሁን ወደ ጀርመንኛው ዐረፍተ ነገር በዝርዝር እንግባ፤ ተማሪዎች ማስታወሻችሁን አዘጋጁ።

መጀመሪያ «ካን ኢሽ ኢነን ሄልፈን?» የሚለውን እንመልከት፤ «ልረዳዎ እችላለሁን?» ማለት ነው። በመማሪያ መጻሕፍት ዘወትር የሚገኝ፣ ትክክለኛና ጨዋ አነጋገር ነው። የተለመደ ቦታው ግን ሱቅ፣ ቢሮና የእንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ነው። ለጓደኛ ቢነገር የሻጭ ድምፅ ይኖረዋል። አንድ የማያውቁት ሰው በግቢያቸው ቆሞ ሲያገኙት ቢናገሩት ደግሞ «እዚህ ምን ትሠራለህ?» የሚል ትርጉም ሊይዝ ይችላል።

ሁለተኛው «ዞል ኢሽ ዲር ሄልፈን?» ነው። «ዞለን» የተባለው ግስ የሌላውን ፈቃድ የሚጠብቅ ግስ ነው። በአማርኛ ከዚህ ጋር የሚተካከለው በመጀመሪያው መደብ የሚነገረው የፈቃድ አንቀጽ ነው፤ «ላግዝህ?»፣ «ልያዝልህ?»፣ «ልክፈትልህ?»። ስለዚህ የእኛ ሰው በጀርመንኛ ሊያግዝ ሲያስብ «ካን» ከማለቱ በፊት «ዞል» ቢል ወደ ቤቱ ቋንቋ ይቀርባል። «ዞል ኢሽ ዳስ ፌንስተር አውፍማኸን?» ማለት «መስኮቱን ልክፈተው?» ነው፤ ቃል በቃል ይገጥማል።

ሦስተኛው ጥያቄነቱን የተወ ነው። «ቫርተ፣ ኢሽ ማኽ ዳስ»፤ «ቆይ፣ እኔ አደርገዋለሁ»። «ላስ ማል፣ ኢሽ ማኽ ዳስ ሾን»፤ «ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ»። እንዲሁም «ዛግ በሻይት፣ ቬን ዱ ቫስ ብራውኽስት»፤ «የሚያስፈልግህ ነገር ካለ ንገረኝ»። የሦስተኛ ፎቁ ወጣት የተናገረው ከዚህ ወገን ነው። በሦስቱም ውስጥ «ሂልፈ» የሚል ስም አንድም ጊዜ አልተነሣም።

ከሰዋስው ሁለት ነጥቦችን ልጨምር። «ሄልፈን» የተባለው ግስ «ዲር» እንጂ «ዲሽ» አይቀበልም። እኛ «ረዳሁህ» ስንል ተረጂውን ቀጥተኛ ተሳቢ ስለምናደርገው ተማሪዎቻችን «ዲሽ» ብለው ይሳሳታሉ። መፍትሔውም ከራሳችን ቋንቋ ይገኛል፤ «ልያዝልህ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለችውን «ል» አስቡ። «ለአንተ» የምትለዋ ይህች ፊደል «ዲር» ናት።

ሁለተኛው ነጥብ አክብሮት ነው። ጀርመኖች የሚያከብሩትን ሰው «ዚ» ሲሉ ግሱን የሚያረቡት እንደ «እነርሱ» ነው። እኛም «እርስዎ ይፈልጋሉ» ስንል ግሱ «እነርሱ ይፈልጋሉ» ከሚለው አይለይም። በሉዶልፍ ዘመን ጀርመኖች ለአክብሮት ይበልጥ የሚጠቀሙት «ኢር»ን፣ «እናንተ» የሚለውን ነበር፤ «ዚ» የጸናው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ የተማሪዎች እንቅስቃሴ ወዲህ ደግሞ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው «ዱ» መባባል ልማድ ሆኖ ቀረ። አረጋዊት ጎረቤትን «ዱ» ማለት ግን ዛሬም ድፍረት ነው። ጥሊሊ ውስጥ አዛውንትን «አንተ» የማይል ልጅ ይህንን ለመማር አይቸገርም።

እውነተኛው ችግር ያለው በመልሱ ላይ ነው። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ግድ የለም» እምቢታ አይደለም፤ ጨዋነት ነው። አጋዡ ይደግማል፣ ይሠልሳል፤ ታጋዡም በስተመጨረሻ ይቀበላል። በጀርመን ግን «ናይን፣ ዳንከ» ያለ ሰው አልፈልግም ማለቱ ነው፤ «ጌት ሾን» ያለም «እወጣዋለሁ» ማለቱ ነው። ደጋግሞ መጫን ፈቃዱን እንደ መናቅ ይቈጠራል። እንዲያውም «ቡና ልጨምርልህ?» ለሚል ጥያቄ ብቻውን የተነገረ «ዳንከ» ብዙ ጊዜ «አይ፣ ይበቃኛል» ማለት ነው፤ መቀበል የሚፈልግ «ያ፣ ጌርን» ወይም «ቢተ» ማለት አለበት። እኔ በመጀመሪያው ወር በአንድ ቤት ተጋብዤ፣ እንደ አስተዳደጌ አንድ ጊዜ «ናይን፣ ዳንከ» ብዬ፣ ሁለተኛውን ግብዣ ስጠብቅ ምግቡ ከፊቴ ተነሣ። በረኀብ ወደ ቤቴ ተመለስሁ። ጋባዦቼ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ቃሌን አክብረው ነው ያስራቡኝ።

ይህ ሁሉ ለምን ይጠቅማል ትሉኝ ይሆናል። ዛሬ ከዚህ ዞንም ሆነ ከመላው አገሪቱ ጀርመንኛ የሚማሩ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያስቡት ስለ ነርስነትና ስለ አረጋውያን እንክብካቤ ሙያ ነው። ከመጋቢት 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የባለሙያዎች ፍልሰት ሕግ ይህንን መንገድ አስፍቶታል፤ ለነርስነት ሙያ ዕውቅና ብዙውን ጊዜ የቢ 2 ደረጃ የቋንቋ ችሎታ ይጠየቃል። እነዚህ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ የሚናገሩት ዐረፍተ ነገር «ዞል ኢሽ ኢነን…?» የሚል ይሆናል። በፈተናው ላይ የሚታረመው «ዲር» እና «ዲሽ» ነው። በታማሚው አልጋ አጠገብ የሚታረመው ግን ሌላ ነው፤ አረጋዊው ሰው በንግግሩ ውስጥ ራሱን ሙሉ ሰው ሆኖ ያገኘዋል ወይስ ጉድለት ሆኖ? አንድ «ናይን» ሲልስ ይከበርለታል ወይስ ይጫንበታል?

ስለዚህ ለመነሻ ጥያቄዬ መልሴ ይህ ነው። የቤቴን ዕውቀት ጥዬ የወጣሁት፣ ከጀርመንኛ ጋር ባለን ግንኙነት ራሴን ተቀባይ አድርጌ መቍጠርን ከትውልዴ ጋር ስለ ተማርሁ ነው። ተቀባይ የሆነ ሰው በሌላው ቋንቋ «እጄ እዚህ አለ» ለማለት ድፍረት አይኖረውም፤ ቃሉን ከመጽሐፍ ይዋሳል። ታሪክ ግን የሚነግረን ሌላ ነው። በዚህ የሦስት መቶ ሰባ ዓመት ትውውቅ ውስጥ መጀመሪያ እጁን የዘረጋው የመካነ ሥላሴው መነኵሴ ነው፤ የይፋጉ አለቃም ተከተሉት። ጀርመንኛ የሚማር የጥሊሊ ልጅ «ዞል ኢሽ ዲር ሄልፈን?» ሲል አዲስ ልማድ አይጀምርም፤ የቆየውን ይቀጥላል።

ውድ ተማሪዎች፤ ከሦስት ዓመት በኋላ እኔም በዚያ ሕንፃ ደረጃ ላይ ያችን አረጋዊት ጎረቤቴን ዳግመኛ ቦርሳ ይዘው አግኝቻቸዋለሁ። ያን ቀን ያልኋቸው «ኮመን ዚ፣ ኢሽ ኔም ዳስ» ነበር። አንዱን ሰጡኝ፤ ሁለተኛውን «ጌት ሾን» ብለው ራሳቸው ያዙ። አልጫንኋቸውም። አራተኛ ፎቅ እስክንደርስ ስለ ጉልበታቸው ሕመምና ስለ እናቴ ጤንነት ተጨዋወትን።

ንግግሬን እዚህ ላይ አበቃለሁ። ይህ አዳራሽ ነገ ለሌላ ጉባኤ ስለሚፈለግ ወንበሮቹ ተነሥተው ወደ መጋዘን መመለስ እንዳለባቸው አስተናጋጆቹ ነግረውኛል። ሥራውን የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። በየትኛው ቋንቋ እንደምትናገሯቸው ለእናንተ እተዋለሁ፤ እኔ ከፊተኛው ረድፍ እጀምራለሁ።